ያቺ ግራጫ መስመር

ቅናት የወጣት በሽታ ነው የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ወደ እኔ ላኩት። ወጣትማ የሚቀናው ደህና ነገር ላይ ነው፤ በቆንጆ ልጅ፣ በአዲስ ጫማ፣ ቢበዛ በሹመት። እኔ አድማሱ በሰባ አራት ዓመቴ የቀናሁት በመስመር ነው። ከክር የማትወፍር፣ ግራጫ፣ በኮምፒውተር መስኮት ላይ ከላይ እስከ ታች የተሰመረች አንዲት መስመር። በእሷ የተነሳ የአንዲት ሴት የሙዝ ችግኝ ሊደርቅ፣ የእኔም ስም አብሮት ሊደርቅ ለጥቂት ነው የተረፈው።

ያን ጊዜ ማን እንደነበርኩ ካላወቃችሁ ነገሩ አይገባችሁም። የተወለድኩት ጎጃም ነው። አርባ ምንጭ የመጣሁት በመዝገብ ቤት ጸሐፊነት ተመድቤ፣ «ሁለት ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ» ብዬ እናቴን አሳምኜ ነው። ሁለቱ ዓመት እስካሁን አላለቀም። ሴቻ ሰፈር ቤት ሠራሁ፣ ልጆች አሳደግሁ፣ ጡረታ ወጣሁ፣ ከዚያም ቁልቁል ወደ ዓባያ ሐይቅ በሚወስደው መንገድ ዳር ትንሽ የሙዝ ማሳ ያዝኩ። ጋሞኛም ተምሬያለሁ፤ ስናገር ጎረቤቶቼ በአክብሮት ፊታቸውን አዙረው ይስቃሉ።

በመሥሪያ ቤት የታወቅሁት በሁለት ነገር ነው፤ በእጅ ጽሑፌና በሰፋፊ መዝገቦቼ። የሚላክልን መዝገብ ጠባብ ስለነበር ወረቀት በወረቀት ላይ በሙጫ እየቀጠልኩ፣ ሲዘረጋ ከጠረጴዛው አልፎ የሚንጠለጠል መዝገብ እሠራ ነበር። ቶማስ የሚባል ከጨንቻ የመጣ አዲስ ተቀጣሪ ከሥሬ መድበውልኝ ስለነበር ሥራውን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ለክብሬ ብዬ ነው፤ ወደ ኋላ ክብር ስለሚያጥረኝ አሁን በደንብ ያዙልኝ።

በእኛ ቦይ ላይ አሥራ ስምንት ገበሬዎች ነን። ውሃው በቀን ለሁለት ሰው ይደርሳል፤ ለአንዱ ጠዋት፣ ለሌላው ከሰዓት። ስለዚህ ተራ በዘጠኝ ቀን አንዴ ይመጣል። ነገሩ እንዲህ ቢቆም ኖሮ ጸሐፊ ባላስፈለገም። ነገር ግን ሰው ለቅሶ ይሄዳል፣ ሠርግ ይደግሳል፣ ይታመማል፤ ያኔ ተራውን ለጎረቤቱ ያበድራል፣ ጎረቤቱም ሌላ ቀን ይመልሳል። ስለዚህ ተራው ይተረተራል፣ ይተበተባል። ያንን ትብትብ ለአሥራ አራት ዓመት በመዝገቤ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ገበሬ ሁሉ «አድማሱ፣ ተራዬ መቼ ነው?» ሳይለኝ ምሳ አይበላም ነበር። አንድ ክረምት ግን ምስጥ ገብቶ ከጥር እስከ ሚያዝያ ያለውን በላብኝ።

ምስጡ በልቶ ሳይጠግብ ቶማስ መጣ። እሱም ጡረታ ወጥቶ በቦያችን ላይ ማሳ ነበረው። ኦንላይን ሺት የሚሉትን የኮምፒውተር መዝገብ ሠርቶ፣ በማኅበሩ ክፍል ባለችው ላፕቶፕ ላይ ከፍቶ፣ ባልና ሚስቱን ሁሉ ጠርቶ አሳየን። ረድፉ ከነተራ ቁጥሩ አሥራ ስምንት ስም ብቻ ነው፤ ወርዱ ግን የዓመት መንገድ። ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ዓምድ፣ ከመስከረም አንድ እስከ ጳጉሜ። ተራ ያለው ሰው ረድፍ ላይ ለጠዋት «ጠ»፣ ለከሰዓት «ከ» ተጽፏል።

እኔ በልቤ «እሰይ፣ እዚህ ውስጥ ገብተህ መውጫው ይጥፋህ» እያልኩ ነበር። ቶማስ ግን ሺቱን ወደ ቀኝ ጎተተው፤ ኅዳር አለፈ፣ ጥር አለፈ፣ ሰኔ አለፈ። ስሞቹ በግራ በኩል እንደቆሙ ቀሩ። ከስሞቹ አጠገብ ያቺ ግራጫ መስመር አለች፤ ቀኖቹ በእሷ ሥር እየገቡ ይጠፋሉ፣ ስም ግን አይነቃነቅም። ሰዉ ተሳሳቀ፤ አንዱ «ድገመው» አለ። የገዛ ሚስቴ አስናቀች እንኳ ክንዴን ነካ አድርጋ «አየህ አድማሱ፣ ስሙ ቆሞ ይጠብቃል» አለችኝ። ባገባኋት በአርባ አንድ ዓመት ውስጥ ለእኔ መዝገብ እንዲህ ስትል ሰምቻት አላውቅም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አልጣመኝም። ሰዉ «ተራዬ መቼ ነው?» ሲል ወደ ቶማስ ሆነ። በሲቀላ ሰፈር ጭማቂ ቤት ተቀምጠን እኔን አልፈው እሱን ይጠይቁታል፤ እሱ ደግሞ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ በጣቱ ነካ ነካ አድርጎ ይመልሳል። የባሰብኝ ትሕትናው ነው። እየጠየቁት «ጋሼ አድማሱ ይበልጥ ያውቁታል» ይላል። ትዕቢተኛ ሆኖ ቢሆን ኖሮ ጠልቼው አርፍ ነበር።

በመጋቢት፣ ሙቀቱ ድንጋይ በሚያስለፈልፍበት ሰሞን፣ የቶማስ አክስት ምዕራብ ዓባያ ውስጥ አረፉ። ሰኞ ከሰዓት ማኅበሩ ክፍል መጥቶ ቁልፉን አስረከበኝ። ሥራው ቀላል ነው፤ በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ የነገውን ተራ ከሺቱ አይቼ የቦዩን መዝጊያ ለሚከፍተው ለመርክነህ በስልክ መንገር ብቻ። ቶማስ እንዴት እንደሚታይ ሊያስረዳኝ ጀመረ፤ እኔ ግን አቋረጥኩት። መዝገብ ይዤ ስንት ዓመት እንደኖርኩ አስታወስኩት። እሱም ይቅርታ ጠይቆ ሄደ።

የተሳፈረበት ሚኒባስ ከዓይኔ እንደጠፋ በሩን ዘግቼ ሺቱን ከፈትኩት። መስመሯ እዚያው ናት። ፊት ለፊት ተያየን። የማይረባ ሥራ ልሠራ መሆኑን እያወቅሁ ከላይ ያለውን ዝርዝር እየከፈትኩ ፈለግሁ፤ «ፍሪዝ»፣ አቁም እንደማለት፣ የሚል አገኘሁ፣ «የለም» የሚለውን መረጥኩ። ጠፋች። ቶማስ ሲመለስ «መስመርህ እኮ አልቆመችም» ልለው ነበር ሐሳቤ። ይኸው ነው ያቀድኩት ተንኮል፤ በዚህ ዕድሜ ከዚህ የተሻለ ማሰብ አልቻልኩም።

የማክሰኞን ጠዋት ለመፈለግ ወደ ቀኝ ጎተትኩ። መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር። ስሞቹ ከመስኮቱ ወጥተው ሄዱ። መጋቢት ዘጠኝ ላይ ስደርስ «ጠ» የምትለውን ምልክት አገኘኋት፤ የማን እንደሆነች ግን የሚነግረኝ የለም። ተስፋ አልቆረጥኩም፤ የመዝገብ ሰው ነኝ። በሺቱ ዳር ያለውን የረድፍ ቁጥር አየሁ፤ አሥራ ሁለት ይላል። በብጣሽ ወረቀት ላይ በዚያ በታወቀው እጄ «12» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ወደ ግራ፣ ወደ መስከረም ተመልሼ በተራ ቁጥሩ ዓምድ አሥራ ሁለትን ፈለግሁ።

አሥራ ሁለት፦ አድማሱ።

እኔ ነኝ። ተራዬ ሐሙስ መስሎኝ ነበር፤ ሺቱ ማክሰኞ ካለ ማክሰኞ ነው። «ቶማስ ቁልፉን ስለያዝኩለት አሳልፎልኝ ይሆናል» ብዬ አሰብኩ፤ ሰው ለራሱ የሚመቸውን ነገር ሲያምን እንዴት ይፈጥናል! ለመርክነህ ደውዬ ነገርኩት፤ የከሰዓቱን ነገ እነግርሃለሁ አልኩት። ማታ ለአስናቀች የቶማስን ሺት ያለ ቶማስ እንደሠራሁበት አውርቼላት በደስታ ተኛሁ።

ማክሰኞ ጠዋት ውሃው ወደ ማሳዬ ሲገባ ዳር ላይ ቆሜ አየሁት። ደስ የሚል ድምፅ አለው፤ በተለይ የእናንተ ባልሆነ ሰዓት ሲፈስላችሁ። ያን አሁን ነው የማውቀው።

አራት ሰዓት ላይ ማኅበሩ ክፍል ስገባ ወይዘሮ ጎዳነች ደጃፉ ላይ ዶማዋን ይዛ ተቀምጣለች። ባሏ ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ማሳዋ ከእኔ በላይ ነው። ከሦስት ቀን በፊት የተከለችው አዲስ የሙዝ ችግኝ እንዳለ መንደሩ ሁሉ ያውቃል፤ ወንድሟ ከሩቅ ያመጣላት፣ ሥሩ ገና አፈር ያልያዘ። ሌላ ዘጠኝ ቀን ካልጠጣ አበቃለት።

ከንጋት ጀምሮ ስትጠብቅ ነበር። ውሃው ማሳዋን አልፎ ወደ እኔ ሲወርድ አይታለች። አልጮኸችም፤ መርክነህንም አልተጣላችም። እኔን ሳይ ተነስታ አቧራዋን አራገፈችና እንዲህ አለች፦

«ጋሽ አድማሱ፣ ምን አጥፍቼ ነው ተራዬ የተነሳው?»

አፌ ላይ የመጣው የመጀመሪያው ነገር ምን እንደነበር ብደብቃችሁ ይህን ሁሉ መጻፌ ዋጋ የለውም። «እኔ አይደለሁም፤ ቶማስ የሠራው ነገር ነው የተሳሳተው» አልኳት።

ረጋ ብላ አየችኝና «ቶማስ አይሳሳትም» አለች።

በንዴት ጆሮዬ ጋለ። «ቆይ አሳይሻለሁ፣ እዚሁ ጠብቂ» ብዬ ገባሁ። የቶማስን ስህተት ላገኝ ነው የገባሁት፤ በሕይወቴ ሥራን እንደዚያ በትጋት ሠርቼ አላውቅም። እንደገና መጋቢት ዘጠኝ፤ እንደገና «ጠ»፤ እንደገና አሥራ ሁለት። ወደ ግራ ተመለስኩ። አሁን ግን ስላልቸኮልኩ፣ ስህተትም ስፈልግ ስለነበር ዓይኔን ከፍቼ አየሁ። በሺቱ ዳር አሥራ ሁለት በሚለው ረድፍ ላይ ያለው ተራ ቁጥር አሥራ ሁለት አይደለም፤ አሥራ አንድ ነው። የመጀመሪያውን ረድፍ ርዕሱ ይዞታል! ቀንና «ስም» የሚሉት ቃላት ናቸው የተጻፉበት። የሺቱ ቁጥር ከርዕሱ ይጀምራል፣ የእኛ ተራ ቁጥር ከመጀመሪያው ሰው። ሁለቱ በአንድ ይበላለጣሉ።

ተራ ቁጥር አሥራ አንድ፦ ጎዳነች።

ወንበሩ ላይ ቀረሁ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ አንድ ሊትር ያላዛባሁ ሰው፣ የባል አልባ ሴት ውሃ ወስጄ ለራሴ አጠጣሁ። ሐሙስ ደግሞ ተራዬ እንደገና ይመጣል። አሥራ ስምንት ሰው ቁጭ ብሎ ይህን ሲሰማ «ተሳስቶ ነው» የሚለው ስንቱ ነው? እኔ ራሴ ስለ ሌላ ሰው ብሰማ አልልም ነበር።

በደጃፉ በኩል የጎዳነች የዶማ እጀታ ይታየኛል። ክፋት አሁንም ጆሮዬ ላይ ነበር፤ «ሺቱ ተበላሽቷል በል፤ ማንም አያውቅም» ይለኛል። ሌላው ሐሳብ ደግሞ ውሃው ነው። የከሰዓቱ ተራ ሰባት ሰዓት ላይ ይጀምራል። የማን እንደሆነ አግኝቼ ካስፈቀድኩ ችግኙ ይተርፋል። በዚያ ስም አልባ ሜዳ ውስጥ ግን ከእንግዲህ ቁጥሬን አላምነውም፤ ሁለተኛ ብሳሳት ሁለተኛ ሰው ልዘርፍ ነው።

ለቶማስ ደወልኩ። አይነሳም። እንደገና ደወልኩ፤ «ማግኘት አይቻልም» አለችኝ የቴሌዋ ሴትዮ። አምስት ሰዓት ሆነ። አምስት ተኩል ሆነ። ጎዳነች ገብታ ውሃ ሰጠችኝ፤ የገዛ ጠርሙሷን። በሕይወቴ እንደዚያ ለመጠጣት ያስቸገረኝ ነገር የለም። ለስድስት ሩብ ጉዳይ ላይ አነሳ። ከጀርባው የለቅሶ ድምፅ ይሰማል። ካጽናናሁት በኋላ፣ «ቶማስ፣ አጥፍቻለሁ» አልኩት። ይህችን ቃል ከአፌ ለማውጣት ከምዕራብ ዓባያ በእግር የመምጣት ያህል ደከመኝ።

ነገሩን ሰማና፣ «ግን እኮ ስሙ ይታይዎታል፤ መስመሯ አለች» አለ።

«የለችም።»

«ጋሼ፣ እሷ ራሷን አትነቅልም።»

«እኔ ነቀልኳት።»

ለምን ብሎ አልጠየቀኝም። ቢጠይቀኝ ይሻል ነበር። ከለቅሶው ድንኳን ወጣ ብሎ፣ ቀስ እያለ መራኝ። ያንኑ «ፍሪዝ» የሚለውን ከፍቼ «ሁለት ዓምድ» የሚለውን መረጥኩ፤ ተራ ቁጥሩና ስሙ በግራ በኩል ቆሙ፣ መስመሯ ተመልሳ መጣች። ከእንግዲህ ከመስከረም እየጎተትኩ እንዳልደክም ደግሞ ከላይ በግራ ጥግ ያለችውን ትንሽ ሳጥን አሳየኝ። በስልኩ ሺቱን አይቶ «የዛሬው ዓምድ መጠሪያ ነው፤ በእንግሊዝኛ ጂ አይ ሁለት ብለው ይጻፉና ኢንተር ይጫኑ» አለኝ። ጻፍኩ። ያን ሁሉ ወር ዘልዬ መጋቢት ዘጠኝ ላይ ወደቅሁ። በአጠገቡ ጎዳነች ትላለች፤ በስሟ ረድፍ ላይ «ጠ»። ምን ያህል ግልጽ እንደሆነ ስታዩት ታለቅሳላችሁ።

«አንተ እንዴት አወቅኸው ይህን ሁሉ?» አልኩት። ቅናቴ ነው የጠየቀው እንጂ እኔ አይደለሁም።

«ሳጥኗን እንኳ በኋላ ነው ያወቅኋት፤ መስመሯን ግን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።»

«እኔ ኮምፒውተር መቼ ነክቼ?»

«መዝገብ ቤት እኮ ነው ጋሼ። መዝገቡ ሰፍቶብኝ፣ የአንዱን ሠራተኛ ፈቃድ ለሌላው እየጻፍኩ ላባረር ስል መጡና መሃሉን አጥፈው ስሞቹን ከያዝኩት ወር ጎን አስጠጉልኝ። ‹ወረቀቱን እጠፍ እንጂ ሰውየውን አትጣ› አሉኝ። ይቺን ነገር ኮምፒውተር ላይ ሳገኛት መጀመሪያ ትዝ ያሉኝ እርስዎ ነዎት።»

ምን ልበላችሁ? ስንት ወር እንቅልፍ አጥቼ የቀናሁባት መስመር የገዛ እጥፋቴ ነበረች። ረሳሁት እንጂ መጀመሪያ ያጠፍኩት እኔ ነኝ። በገዛ ልጁ የቀና ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

«አሁን ከሰዓቱ የማን ነው?» አለኝ።

ዓምዱን ይዤ ቁልቁል ወረድኩ። «ከ» የምትለውን አገኘሁ፤ ዓይኔን ወደ ግራ፣ ወደ ስሙ ወሰድኩ። «የአንተ ነው» አልኩት።

«ለጎዳነች ይስጡልኝ። የእኔ ሙዝ ትልቅ ነው፣ ይታገሣል።»

አስቦ አይደለም፤ ወዲያው ነው ያለው። በደግነቱም ቀናሁ። የእኔን ሐሙስ እንዲወስድ ለመንኩት፤ «እንዲያውም ይገባኛል፤ እርስዎ ዛሬ ጠጥተዋል» ብሎ በዚያ ለቅሶ መሃል ሳቀ። በራሴ እጅ ዛሬን ለጎዳነች፣ ሐሙስን ለቶማስ ጻፍኩ። ስሙን ሦስት ጊዜ አይቼ ነው የጻፍኩት።

ከዚያ ከጎዳነች ጋር በዚያ ፀሐይ ቁልቁል ወረድን። መርክነህ በስልክ ከሚሰማኝ ይልቅ ራሴ ሄጄ ልንገረው ብዬ ነው፤ በስልክ የመናገር መብቴን ያጣሁ መሰለኝ። ችግኞቹ ቅጠላቸውን እንደ ደከመ አህያ ጆሮ ጥለዋል። መዝጊያው ተከፈተ፤ ውሃው መጀመሪያ አቧራ እየገፋ፣ ቀጥሎ እየጠራ በመስኖው ገባ። ያን ጊዜ የተሳሳትኩት እኔ እንደሆንኩ፣ መስመሯንም ማን እንደነቀላት ነገርኳት። ጎዳነች ዶማዋን ተደግፋ ሰማችኝና፣ «ለእኔ ብቻ አይደለም የሚነገረው» አለች።

ገብቶኛል። እኛ ዘንድ ኃጢአት የሚነገረው ለነፍስ አባት በጆሮ ነው። ጋሞዎች ዘንድ ግን የተደበቀ ጥፋት ዝናብ ያስቀራል፣ ውሃ ያደርቃል ይባላል፤ ስለዚህ በዱቡሻ፣ ሽማግሌዎቹ በሚቀመጡበት አደባባይ፣ ሁሉ እየሰማ ይነገራል። እሑድ ቶማስም ተመልሶ ነበር። ተነሳሁና የቀናሁትን፣ የነቀልኩትን፣ የጠጣሁትን፣ በቶማስ ላላክክ የሞከርኩትንም ጭምር በዚያ በሚያስቀው ጋሞኛዬ ተናገርኩ። ሰዋስውን ስለማውቀው አይደለም በጋሞኛ ያደረግሁት፤ በአማርኛ ብናገር አሳምሬ አመልጥ እንደነበር ስለማውቅ ነው። የሳቀ የለም። ከሽማግሌዎቹ አንጋፋው «ተናግረሃል፤ ውሃው ይፍሰስ» አሉ፤ ሁሉም ተቀበሏቸው። ቶማስ ተነስቶ እጄን ያዘና ያስረከብኩትን የማኅበሩን ቁልፍ መልሶ እጄ ላይ አኖረው። ሁለታችንም ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ላይ እንጽፋለን።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ሰፊ ሺት ያላችሁ ሰዎች፣ ከአንድ ቀናተኛ ሽማግሌ ይህን ውሰዱ። ወደ ቀኝ ከመራቃችሁ በፊት ስሞቹን አቁሟቸው። ቁጥር በብጣሽ ወረቀት ይዛችሁ አትመላለሱ፤ የሺቱ ቁጥርና የእናንተ ተራ ቁጥር ወንድማማች ቢመስሉም አንድ አይደሉም። እየጎተታችሁ አትድከሙ፤ ወደምትፈልጉበት ሳጥን ዝለሉ። በሥራ ሰው ስትበልጡም ሆነ ሰው ሲበልጣችሁ፣ ሩቅ ስትሄዱ ከዓይናችሁ የሚጠፋው መጀመሪያ ስም ነው፤ ማን እንደጻፈው ሳይሆን ለማን እንደተጻፈ የሚናገረው። እኔ ከስም ሁሉ የእኔን ብቻ ሳይ ቆይቼ ነው አሥራ ሁለትን ስፈልግ ራሴን ያገኘሁት።

ተፈወስኩ አልላችሁም። በያዝነው ዓመት የጎዳነች ሙዝ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረሰ። አንድ ዘለላ ለቶማስ፣ አንድ ዘለላ ለእኔ አመጣች፤ ሁለቱንም እኛ ቤት ነው ያወረደችው፣ የቶማስን እንዳደርስላት ብላ። አስናቀች ከጓዳ ስትወጣ ሁለቱን ዘለላ ጎን ለጎን አስቀምጬ ጎንበስ ብዬ አገኘችኝ።

«ልትቆጥር ነው?» አለች።

«ምን ቆርጦኝ!» አልኳት። የእሱ በአራት ፍሬ ይበልጣል።